በ30 ጊጋፓስካል ግፊት ውስጥ ምን መጠየቅ ይቻላል? ስለ ቢስመዝ ሴሌናይድ ሱፐርኮንዳክቲቪቲ

ቱሉዲምቱ_ማታ (ክሩን የከፈተች) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ አባላት። በኮንደንስድ ማተር ፊዚክስ የማስተርስ ዲግሪዬን በመጨረስ ላይ ያለሁ ተማሪ ነኝ። ቀን ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ቤቴ ሆኜ በላፕቶፕ ስሌት እሠራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የማቀርበው ሴሚናር አለ፤ ርዕሱንም «በከፍተኛ ግፊት የተገኘ ቶፖሎጂካል ሱፐርኮንዳክተር፦ የቢስመዝ ሴሌናይድ ጉዳይ» ብዬ አስመዝግቤ ነበር። አማካሪዬ ረቂቁን ሲያነቡ «ቶፖሎጂካል» የምትለዋን ቃል በእርሳስ ከበቡና «ይህን በምን አወቅሽ?» ብለው ጻፉበት። ሦስት ቀን ሙሉ ሳስብበት ሰንብቼ የሚያረካኝ መልስ ስላጣሁ ወደ እናንተ መጣሁ።

ጉዳዩን ለማያውቁት በአጭሩ ላስቀምጠው። ቢስመዝ ሴሌናይድ አምስት አምስት የአቶም ንጣፎች እየተጣመሩ፣ ጥምሮቹ ደግሞ በሞሰብ ላይ እንዳለ እንጀራ በስሱ ተነካክተው የሚደራረቡበት ክሪስታል ነው። ውስጡ 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የኃይል ክፍተት ያለው ኢንሱሌተር ሲሆን ገጹ ላይ ግን የኤሌክትሮኖቹ ስፒን (ውስጣዊ ማግኔታዊ አቅጣጫቸው) ከሚሄዱበት አቅጣጫ ጋር የተቆራኘበት፣ ተራ ቆሻሻ በቀላሉ የማያጠፋው አስተላላፊ ሁኔታ አለ። ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. በሙከራ ከታየ ወዲህ ቁሱ እንዲህ ያሉ፣ ቶፖሎጂካል ኢንሱሌተር የሚባሉ ቁሶች ዋና ምሳሌ ሆኗል። በ2013 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ቡድን ይህንኑ ክሪስታል እስከ 50 ጊጋፓስካል ድረስ ጨምቆ ከ11 ጊጋፓስካል በላይ ሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ የሚያሳልፍ) እንደሚሆን አሳየ። የመሸጋገሪያ ሙቀቱ በ30 ጊጋፓስካል አካባቢ 7 ኬልቪን ይደርስና፣ ከዚያ በኋላ ግፊቱ ቢጨመርም እዚያው ይቆማል። የላይኛው ወሳኝ ማግኔታዊ መስክ (ሱፐርኮንዳክቲቪቲውን የሚያጠፋው መስክ) ደግሞ ሙቀቱ ሲቀንስ በቀጥታ መስመር በሚመስል መንገድ እየወጣ 4 ቴስላ ይደርሳል። ጸሐፊዎቹ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ተነሥተው የኤሌክትሮኖቹ ጥምረት (ጥንድ ጥንድ የሚሆኑበት መንገድ) ከተለመደው የተለየ ሳይሆን እንደማይቀር ይናገራሉ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መነሻው ቁስ ቶፖሎጂካል ከሆነና ሬዚስታንሱ ዜሮ ከገባ፣ የተገኘውን ነገር ቶፖሎጂካል ሱፐርኮንዳክተር ለማለት ምን ይጎድለናል?

---

የቡራዩ_መምህር · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡45

እህቴ፣ አማካሪሽ በደንብ አንብበውልሻል። እኔ አሁን ቡራዩ ተቀምጬ ጡረታዬን እየጠበቅኩ የማስተምር ሰው ብሆንም፣ በውጭ አገር በነበርኩባቸው ዓመታት በአልማዝ ሴል ሠርቻለሁና፣ «ሬዚስታንሱ ዜሮ ገባ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከየት እንደሚመጣ ላሳይሽ። እጅ የሚሠራውን ሳያዩ ቁጥሩን መመዘን ያስቸግራል።

ሴሉ በመሠረቱ ሁለት የአልማዝ መስፎች ናቸው። አንጥረኛው መስፍ ላይ ብረት አስቀምጦ እንደሚቀጠቅጥ ሁሉ፣ እዚህ ግን ሁለቱም ወገን መስፍ ነው። የአልማዞቹ ሹል ጫፍ ተቆርጦ 300 ማይክሮሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ክብ ይወጣለታል። በዚህች ክብ ላይ 30 ጊጋፓስካል ለማሳረፍ የሚያስፈልገው ክብደት ወደ ሁለት ኩንታል ብቻ ነው፤ አንድ ሰው በእጁ ብሎኖቹን እያጠበቀ ይደርስበታል። በሁለቱ አልማዞች መካከል የሚገባው ቀጭን ብረት፣ የጋራዥ ሰዎች ጓርኒሲዮን የሚሉት ዓይነት ነገር ሆኖ፣ አስቀድሞ ተጨምቆ ይሳሳና መሐሉ ላይ ከፀጉር ሁለት እጥፍ የማይበልጥ ቀዳዳ ይበሳለታል። ናሙናው የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። ብረቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በቦሮን ናይትራይድ ዱቄትና በማጣበቂያ ይሸፈናል፤ በላዩ ላይ አራት የፕላቲኒየም ቅጠሎች በመርፌ ጫፍ እየተገፉ ይደረደራሉ። ቅጠሎቹ አይበየዱም፤ ናሙናውን የሚነኩት ሴሉ ሲዘጋ ተጨምቀው ነው። ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ትንፋሼን ውጬ አራተኛዋን ቅጠል ሳስቀምጥ፣ የመጀመሪያዋ ተንሸራታ ያገኘኋት ብዙ ሌሊት ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በሁለቱ ቅጠሎች ኤሌክትሪክ ታስገቢያለሽ፣ በሁለቱ ቮልቴጅ ትለኪያለሽ። ከናሙናው ውስጥ አንዲት ክር የምታህል ክፍል ብቻ ሱፐርኮንዳክተር ብትሆንና ሁለቱን የቮልቴጅ ነጥቦች ብታገናኝ፣ የቀረው አካል ምንም ይሁን ምን ንባብሽ ዜሮ ይሆናል። ከዚህም የባሰ አለ፤ የኤሌክትሪኩ መንገድ ሲቀየር የቮልቴጅ ነጥቦቹ ከመንገዱ ውጭ ቀርተው ሱፐርኮንዳክቲቪቲ በሌለበት ዜሮ የሚመስል ነገር ሊነበብ ይችላል። በዚያ ላይ ግፊቱ በናሙናው መሐልና ዳር አንድ ዓይነት አይደለም። ፈሳሽ ወይም ሂሊየም ተሞልቶ ከሆነ ልዩነቱ ይቀንሳል፤ በጠጣር ዱቄት ከተሞላ ግን በ30 ጊጋፓስካል ላይ የጥቂት ጊጋፓስካል ልዩነት የሚያስደንቅ አይሆንም። ስለዚህ ሽግግሩ ሲሰፋ ቁሱን ከመጠየቅሽ በፊት ሴሉን ጠይቂ።

ሱፐርኮንዳክተር ማለት ዜሮ ሬዚስታንስ ብቻ አይደለም። ማይስነርና ኦክሰንፌልድ በ1933 ያሳዩት ማግኔታዊ መስክን ከውስጥ የማስወጣት ባሕርይ አብሮ መታየት አለበት፤ የናሙናው ምን ያህሉ ክፍል እንደተሸጋገረ የሚነግርሽም እሱ ነው። ስድሳ ማይክሮሜትር የምታህል ናሙና ከአልማዙ ውጭ በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ የምትሰጠው ምልክት ግን ከሴሉ ከራሱ ብረት ከሚመጣው ምልክት እጅግ ያነሰ ነው። ይቻላል፤ ይቻላል ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም።

---

ሰንዳፋ_ሲሜትሪ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

መምህር ያሉት ሱፐርኮንዳክተር መሆኑን ስለማረጋገጥ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ያ ተረጋግጦ እንኳ «ያልተለመደ» እና «ቶፖሎጂካል» የሚሉት ቃላት ሁለት የተለያዩ ሸክሞች እንደሆኑ ነው፤ በአማርኛ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ አንድ አድርገን እናነባቸዋለን።

ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ ንዝረት፣ ማለትም በፎኖን አማካይነት ይጣመራሉ፤ የጥንዱም ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ነው። ያልተለመደ የምንለው ከዚህ የወጣውን ነው፤ ለምሳሌ የጥንዱ ቅርጽ ከአቅጣጫ አቅጣጫ ምልክቱን የሚቀይር ሲሆን። በ1979 በሴሪየም፣ መዳብና ሲሊከን ውህድ፣ በ1986 ደግሞ በመዳብ ኦክሳይዶች የተገኙት ሱፐርኮንዳክተሮች ከዚህ ወገን ናቸው፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ያልተለመዱ በመሆናቸው ብቻ ቶፖሎጂካል ተብለው አልተመደቡም። ቶፖሎጂካል ለማለት የጥንዱ ሲሜትሪና የመደበኛው ሁኔታ የኤሌክትሮን ባንዶች አንድ ላይ ተመርምረው፣ ገጹ ላይ የኃይል ክፍተት የሌለው ሁኔታ ግዴታ የሚሆንበት ውጤት መገኘት አለበት። ፉ እና በርግ በ2010 መዳብ የገባበት ቢስመዝ ሴሌናይድን አስመልክተው ያቀረቡት ክርክር ይህን መንገድ ይከተላል፦ ክሪስታሉ የመገልበጥ ሲሜትሪ ካለው (ሁሉም አቅጣጫ ሲገለበጥ ካልተቀየረ)፣ ጥንዱ በመገልበጥ ምልክቱን የሚቀይር ከሆነና የፌርሚ ገጹ (በሞመንተም ካርታ ላይ ኤሌክትሮኖች የያዙት ክልል ወሰን) የተወሰኑ ልዩ ነጥቦችን በጎዶሎ ቁጥር ከከበበ፣ ቶፖሎጂካል ይሆናል። ሦስቱም መሟላት አለባቸው። በ30 ጊጋፓስካል ግን ከሦስቱ አንዱንም በቀጥታ አልለካንም።

አሁን ወደ ማግኔታዊ መስኩ። ማግኔታዊ መስክ ጥንዱን በሁለት መንገድ ያፈርሳል፦ በኤሌክትሮኖቹ ምሕዋርና በስፒናቸው። የስፒኑ ገደብ በደካማ ትስስር ለተለመደ ጥንድ የመሸጋገሪያ ሙቀቱን በ1.84 ቴስላ አባዝቶ ይገኛል፤ ለ7 ኬልቪን ወደ 12.9 ቴስላ ይመጣል። የተለካው 4 ቴስላ ከዚህ በጣም በታች ስለሆነ፣ በዚህ ቀላል ሂሳብ ስፒኑ ምንም አይመሰክርም። የሚቀረው የምሕዋሩ ገደብ ነው። በመሸጋገሪያው ሙቀት አጠገብ ያለውን የመስመሩን ዳገት ይዘን፣ በዜሮ ሙቀት የምንጠብቀውን መስክ በዳገቱና በመሸጋገሪያ ሙቀቱ ብዜት ስናካፍል፣ ለተለመደ ጥንድ በቆሻሻ ናሙና 0.69፣ በንጹሕ ናሙና 0.73 ይወጣል፤ ካልተለመዱት አንዱ ለሆነው፣ ፖላር ለሚባለው የፒ-ዌቭ ሁኔታ ደግሞ 0.80። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ በ0.73 እና በ0.80 መካከል ባለች ክፍተት ላይ የቆመ ነው። ከአንድ በላይ ባንድ ያለው ተራ ሱፐርኮንዳክተርም፣ መምህር እንዳሉት ግፊቱ ያልተስተካከለ ናሙናም ያችን ክፍተት ይሞላታል። በእኔ አስተያየት የመስኩ መስመር ቀጥ ማለት ጥያቄ ለመክፈት ይበቃል፤ ለመደምደም ግን አይበቃም።

---

አያት_ኬሚስትሪ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ክሩን በጉጉት እየተከታተልኩ ሳለ አንድ መሠረታዊ ነገር አልገባ አለኝ። መዳብ በመጨመር ብቻ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆን ከሆነ፣ ይህ ሁሉ የአልማዝ ድካም ለምንድን ነው?

---

የቡራዩ_መምህር · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ጥሩ ጥያቄ ነው። መዳብ ሲገባ 3.8 ኬልቪን ላይ ሱፐርኮንዳክተር እንደሚሆን በ2010 ታውቋል፤ መዳቡ ግን በንጣፎቹ መካከል በእኩል አይሰራጭም፣ የአንዱ ናሙና ውጤትም ከሌላው ይለያያል። ግፊት ምንም ባዕድ አቶም ሳያስገባ በአቶሞቹ መካከል ያለውን ርቀት ብቻ ይቀይራል፤ ያውም በአንድ ናሙና ላይ ደረጃ በደረጃ ወደፊትም ወደኋላም ማድረግ ይቻላል። የግፊትን ኃይል እኛ ከማንም በላይ በወጥ ቤታችን እናውቀዋለን፤ እዚህ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላው ሳይበስል ሰዓት ይፈጃል። ፈሳሽ ናይትሮጅንም እንዲሁ ነው፤ በመጽሐፍ የተጻፈው 77 ኬልቪን ሲሆን በኛ ከፍታ ወደ 75 ኬልቪን ገደማ ይፈላል። በሱሉልታ መንገድ ለላሞች ማዳቀያ ናይትሮጅን በጋን ይዘው የሚዞሩ ባለሙያዎች አሉና፣ ለተማሪዎችዎ ቴርሞሜትር ማስተካከል ማሳየት ከፈለጉ ይህችን የሁለት ኬልቪን ልዩነት አይርሷት። ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው ከአንድ አትሞስፌር ሩብ ያህል በመጉደሉ ነው። አንድ ጊጋፓስካል ደግሞ ወደ አሥር ሺህ አትሞስፌር ይጠጋል።

---

ቱሉዲምቱ_ማታ · ዓርብ፣ ከሌሊቱ 6፡40

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰንዳፋ፣ የ0.73 እና የ0.80 ነገር ዓይኔን ገለጠልኝ፤ ሁለት ጊዜ አንብቤው በወረቀት ላይ ደግሜ ሠራሁት።

እኔ በበኩሌ በላፕቶፔ የሚቻለኝን አደረግኩ። ኳንተም ኤስፕሬሶ በተባለው የስሌት ሶፍትዌር የቢስመዝ ሴሌናይድን ሁለት አወቃቀሮች፣ ማለትም በተራ ግፊት ያለውን ሮምቦሄድራልና በግፊት ይመጣል የተባለውን ሞኖክሊኒክ፣ ከዜሮ እስከ 16 ጊጋፓስካል በየሁለቱ ጊጋፓስካል እያላላሁ ኤንታልፒያቸውን (በየግፊቱ የትኛው እንደሚጸና የሚነግረውን ኃይል) አነጻጸርኩ። ቢስመዝ ከባድ አቶም ስለሆነ ስፒን-ኦርቢትን (የስፒንና የምሕዋር ትስስርን) ማካተት ግዴታ ነው፤ እሱ ሲጨመር ስሌቱ ስለሚከብድ አንዱ ነጥብ ሌሊቱን ይወስዳል። ሐሙስ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ባትሪው አልቆ አሥራ ሁለተኛው ጊጋፓስካል ላይ ያለው ስሌት ተቋረጠ። መካከለኛ ውጤቱን በየዙሩ እንዲያስቀምጥ አዝዤው ስለነበር ጠዋት ካቆመበት ቀጠለ። ለጀማሪዎች የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ይህን ነው።

ውጤቱ ለርዕሴ መልካም አይደለም። ሁለቱ መስመሮች ይቆራረጣሉ። በየትኛው ግፊት እንደሚቆራረጡ በመረጥኩት የቫን ደር ዋልስ (በንጣፎቹ መካከል ያለው ደካማ ስበት) ማስተካከያ ስለሚንቀሳቀስ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ በኤክስሬይ የተሠሩ ሙከራዎች ግን ሽግግሩ በ10 ጊጋፓስካል አካባቢ እንደሚጀምር ይናገራሉ። ሱፐርኮንዳክቲቪቲው ደግሞ ከ11 በላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሱፐርኮንዳክተር የሆነው ነገርና በ2009 የገጽ ሁኔታው የታየለት ነገር በስም እንጂ በአወቃቀር አንድ አይደሉም። ግፊቱ የበለጠ ሲጨምርም ሌሎች አወቃቀሮች ይከተላሉ፤ በመሸጋገሪያው አካባቢ ሁለት አወቃቀሮች በአንድ ናሙና ውስጥ ተቀላቅለው መገኘታቸውም አይቀርም። አማካሪዬ በእርሳስ የከበቡት ይህንን ነበር።

ከዚህ ጋር የማነጻጽረው ቢስመዝ ቴሉራይድ ነው። በ2011 የቻይና ተመራማሪዎች እንዳሳዩት እሱ ከ3 እስከ 6 ጊጋፓስካል ባለው ክልል፣ አወቃቀሩ ሳይቀየር በ3 ኬልቪን አካባቢ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ቢያንስ እዚያ «ቶፖሎጂካል» ለሚለው ቃል መቆሚያ መሬት አለ። ሴሚናሬን ወደዚያ ላዙረው ይሆን?

---

ገላን_ሙኦን · ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡15

እስካሁን የተባለውን አልቃወምም፤ ግን ውይይቱ ተስፋ ወደ ማስቆረጥ እየሄደ ስለመሰለኝ መግባት ፈለግኩ። ከሁሉም በፊት ለሜሪላንዶቹ አንድ ነገር ልናገርላቸው፤ ዋናው ክርክራቸው የመስኩ መስመር ብቻ አልነበረም። በሆል ኢፌክት (በማግኔታዊ መስክ ውስጥ ከኤሌክትሪኩ ጎን በሚፈጠር ቮልቴጅ) የለኩት የኤሌክትሪክ ተሸካሚ ብዛት፣ የመሸጋገሪያ ሙቀቱ ሳይንቀሳቀስ በቆመበት ክልል ውስጥ አሥር እጥፍ ጨምሯል። ተሸካሚ አሥር እጥፍ ጨምሮ የመሸጋገሪያ ሙቀቱ ንቅንቅ አለማለቱ በእውነት ማብራሪያ ይፈልጋል። እርግጥ የተሸካሚ ብዛትና በፌርሚ ደረጃ ያለው የሁኔታዎች ጥግግት (በዚያ ኃይል ለኤሌክትሮን ያለው ቦታ ብዛት) አንድ አይደሉም፤ ቢሆንም ጉዳዩን ቀለል አድርጎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ስለ ጥምረት ሲሜትሪ ሊነግሩን የሚችሉ መሣሪያዎች እነማን ናቸው? ገጹን በቀጥታ የሚያሳዩት ሁለቱ፣ ማለትም ፎቶኤሚሽንና ስካኒንግ ቱነሊንግ ማይክሮስኮፕ፣ ገጹ ለባዶ ቦታ ክፍት እንዲሆን ስለሚጠይቁ በአልማዝ መካከል ከቶ አይገቡም። የቀሩት የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ፣ የሙቀት አቅም ልኬትና ሙኦን (ናሙናው ውስጥ ገብቶ የውስጡን ማግኔታዊ መስክ የሚያነብልን ቅንጣት) ናቸው። መዳብ የገባበት ቢስመዝ ሴሌናይድ የክሪስታሉን ሦስት አቅጣጫ ሲሜትሪ የሚሰብር ጥንድ እንዳለው በ2016 ያሳየው የኒውክሌር ሬዞናንስ ነበር፤ የሙቀት አቅም ልኬትም ደግፎታል። ይህ ሁሉ የሆነው ግን በተራ ግፊት፣ ሚሊሜትር በሚያህሉ ክሪስታሎች ላይ ነው። ሙኦን ደግሞ በፒስተንና ሲሊንደር ሴል ውስጥ ከ2.5 ጊጋፓስካል ብዙም አያልፍም፤ ምክንያቱም ናሙናው የጨረሩን በቂ ክፍል ለመያዝ ትልቅ መሆን አለበት።

ስለዚህ ግፊቱ ሲጨምር የሚቀንሰው የአቶሞቹ ርቀት ብቻ አይደለም፤ የምንጠይቅባቸው መሣሪያዎችም አንድ በአንድ ይወድቃሉ። በ2 ጊጋፓስካል ላይ ስለ ጥንዱ ቅርጽ መጠየቅ እንችላለን። በ30 ላይ የሚቀረን በአብዛኛው «ሱፐርኮንዳክተር ነው ወይስ አይደለም፣ በስንት ኬልቪን» የሚለው ነው። ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ቁስ ስንመርጥ ከሁሉ የሚበልጥ የመሸጋገሪያ ሙቀት ያለውን ሳይሆን፣ ዋናው ለውጥ መሣሪያ በሚደርስበት ግፊት የሚከሰትበትን እንምረጥ ነው።

ምሳሌ አለ። ሞሊብዲነም ዳይቴሉራይድ በተራ ግፊት 0.1 ኬልቪን ላይ ሱፐርኮንዳክተር ነው፤ በ11.7 ጊጋፓስካል 8.2 ኬልቪን መድረሱ በ2016 ታትሟል። ዜና የሆነው 8.2 ቢሆንም፣ ስለ ጥንዱ የበለጠ የነገረን ግን በቀጣዩ ዓመት ከ2 ጊጋፓስካል በታች የተሠራው የሙኦን ልኬት ነው፤ ከአንድ በላይ የኃይል ክፍተት እንዳለ የሚያመለክት ውጤት ሰጥቷል። ከዚህም የሚሻለው ሲዚየም፣ ቫናዲየምና አንቲሞኒ ያሉበት የካጎሜ ብረት ነው። አቶሞቹ የተደረደሩት እንደ ሰፌድ ጥልፍ፣ በሦስት ማዕዘንና በስድስት ማዕዘን ነው። በ94 ኬልቪን ላይ የኤሌክትሮኖቹ ቻርጅ ራሱን በማዕበል ያደራጃል፣ በ2.5 ኬልቪን ደግሞ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። 2 ጊጋፓስካል አካባቢ ሲደርስ የቻርጁ ማዕበል ይጠፋና የመሸጋገሪያ ሙቀቱ ወደ 8 ኬልቪን ይወጣል፤ በመንገዱ ላይም አንድ ሳይሆን ሁለት ጉብታ ይሠራል። ፉክክሩ በሙሉ መሣሪያ በሚገባበት ክልል ውስጥ ተጠናቀቀ ማለት ነው። በሲዚየሙ ምትክ ሩቢዲየምና ፖታሲየም ባለባቸው ወንድሞቹ ላይ በስዊዘርላንድ ፖል ሼረር ተቋም የተሠራው የሙኦን ጥናት፣ በተራ ግፊት የኃይል ክፍተቱ ዜሮ የሚሆንባቸው ነጥቦች ምልክት እንዳለና ግፊቱ የቻርጁን ሥርዓት ሲያፍነው እነዚያ ነጥቦች እንደሚጠፉ አሳይቷል። ቱሉ ዲምቱ፣ «ይህን በምን አወቅሽ?» ለሚለው መልስ የሚሆነው እንዲህ ያለው ልኬት ነው።

---

ሰንዳፋ_ሲሜትሪ · ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡50

ከገላን ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ። ዩራኒየም ዳይቴሉራይድንም በዚሁ ላይ ጨምሩልኝ፤ ከ2 ጊጋፓስካል በታች ባለው ግፊት ከአንድ በላይ የሱፐርኮንዳክተር ምዕራፍ ያሳያል፤ ያም ጥንዱ ከአንድ በላይ ውስጣዊ ክፍል እንዳለው እንድንጠረጥር ያደርጋል። የማልስማማው በአንድ ነገር ነው። በቢስመዝ ቴሉራይድ አወቃቀሩ አለመቀየሩ መቆሚያ መሬት ይሰጣል እንጂ መልስ አይሰጥም። ገጹ ቶፖሎጂካል ሆኖ ውስጡ ተራ ሱፐርኮንዳክተር ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ገጹ ከውስጡ በመዋስ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ፉ እና ኬን በ2008 ያሰቡት ይህን የመዋስ መንገድ ነው፤ የራሳቸው ጸረ-ቅንጣት ለሆኑት፣ ማዮራና ለሚባሉት ሁኔታዎች ፍለጋም ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የተጣለበት እሱ ነው። ስለዚህ ጥንዱ የተለመደ ሆኖ ቢገኝ አንዘን፤ ቶፖሎጂውን ለማግኘት ጥንዱ የግድ ያልተለመደ መሆን የለበትም።

---

የቡራዩ_መምህር · ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ገላን ተስፋ አስቆራጭ መስያቸው ከሆነ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ የማስጠነቅቀው ስለምወደው ነው። ደግሞም ከ10 ጊጋፓስካል በላይ ያለው በር ሁሉ ዝግ አይደለም። በቅርብ ዓመታት በአልማዙ ጫፍ ውስጥ ራሱ፣ የናይትሮጅን አቶምና ባዶ ቦታ ጎን ለጎን ያሉባቸውን ነጥቦች ተክሎ በጨረር እያነበቡ፣ ናሙናው ማግኔታዊ መስኩን ሲያስወጣ በማይክሮሜትር ደረጃ ማየት ተችሏል። በ2024 በሴሪየም ሃይድራይድ ላይ ከአንድ ሚሊዮን አትሞስፌር በላይ ተሠርቶበታል። የትኛው የናሙናው ጥግ እንደተሸጋገረና የትኛው እንዳልተሸጋገረ በሥዕል ማየት! እኔ በሽቦ ጥቅል ስታገል በነበርኩበት ዘመን ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

ጥንቃቄው ለምን እንደሚያስፈልግ ደግሞ ሁላችንም አይተናል። በክፍል ሙቀት ሱፐርኮንዳክቲቪቲ ተገኘ ተብለው በ2020 እና በ2023 በኔቸር መጽሔት የወጡት ሁለት ሥራዎች በ2022 እና በ2023 ተሽረዋል፤ የመጀመሪያው የተሻረውም ከማግኔታዊ ልኬቱ ላይ የጀርባ ምልክቱ ተቀንሶ የቀረበበት መንገድ ጥያቄ ስለተነሣበት ነው። ቅድም ያልኩት የሴሉ ብረት ምልክት ማለት ያ ነው። ጥሬው ልኬት ከተቀነሰው ጎን ካልቀረበ፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር አትቀበይው።

---

ቱሉዲምቱ_ማታ · ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡25

ርዕሱን ቀይሬዋለሁ፦ «ግፊት፣ አወቃቀርና የጥምረት ሲሜትሪ፦ በቢስመዝ ሴሌናይድ፣ በቢስመዝ ቴሉራይድና በካጎሜ ብረቶች ላይ ምን ተለክቷል?»። ቢስመዝ ሴሌናይድን አላወጣሁትም፤ ኤንታልፒውን ሌሊት ሌሊት የሠራሁት ስለሆነ፣ አወቃቀሩ ሲቀየር ጥያቄው እንዴት እንደሚቀየር ለማሳየት ይጠቅመኛል። ሰንዳፋ ስለ መዋስ ያልሽውንም አንድ ክፍል አድርጌ አስገብቼዋለሁ።

አሁን ሁሉንም ቁሶች በአንድ ሥዕል ላይ፣ ግፊቱን በአግድም የመሸጋገሪያ ሙቀቱን በቁም አድርጌ እየሳልኩ ነው። የተለያዩ ቡድኖች በአንድ ቁስ ላይ የሰጧቸው የግፊት ቁጥሮች አይገጣጠሙም፤ ለምሳሌ ታንግስተን ዳይቴሉራይድ በ2015 አንዱ ቡድን ከ2.5 ጊጋፓስካል፣ ሌላው ከ10.5 ጊጋፓስካል ጀምሮ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል ይላል። መምህር፣ ይህን ያህል ልዩነት ከግፊት መለኪያው ሊመጣ ይችላል?

---

የቡራዩ_መምህር · እሑድ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ስምንት ጊጋፓስካል ከመለኪያው ብቻ አይመጣም፤ ናሙናው፣ ግፊት ማስተላለፊያው ፈሳሽ ወይም ጠጣር መሆኑና ምን ያህል ዝቅተኛ ሙቀት ድረስ እንደለኩ ይገባበታል። ሁለት ኬልቪን ላይ የሚያቆም ሰው ከዚያ በታች ያለውን አያይም። ነገር ግን አንድና ሁለት ጊጋፓስካል ያህሉ ከመለኪያው ሊመጣ ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

ግፊቱን የምናነበው ናሙናው አጠገብ ከምናስቀምጣት የሩቢ ቅንጣት ነው። ሌዘር ሲበራባት በ694.2 ናኖሜትር ቀይ ብርሃን ትሰጣለች፤ ያ ቀለም በየአንዱ ጊጋፓስካል 0.365 ናኖሜትር ገደማ ወደ ረዥሙ ወገን ይሸሻል። ችግሩ፣ ቀለሙ በሙቀትም ይንቀሳቀሳል፤ በክፍል ሙቀት አካባቢ በየዲግሪው 0.007 ናኖሜትር ያህል። ስለዚህ ክፍሉ በስድስት ዲግሪ ሞቆ ሳይታረም ከቀረ 0.1 ጊጋፓስካል ተሳሳትሽ ማለት ነው። ትልቁ ግን ሌላ ነው። ሴሉ ከክፍል ሙቀት ወደ 7 ኬልቪን ሲወርድ ብረቱ፣ ብሎኑና አልማዙ እኩል አይኮማተሩም፤ በዚህም በናሙናው ላይ ያለው ግፊት ይቀየራል። ማታ በክፍል ሙቀት ለክተሽ ያስቀመጥሽው ቁጥር፣ ሌሊት ሽግግሩ ሲታይ ናሙናው ላይ የነበረው አይደለም። አንዳንዱ ቡድን ብርሃኑን በክሪዮስታቱ መስኮት አስገብቶ በዝቅተኛው ሙቀት ይለካል፤ አንዳንዱ ከማቀዝቀዙ በፊትና በኋላ ለክቶ አማካዩን ይወስዳል።

ስለዚህ ሥዕሉን ከመጨረስሽ በፊት በሰንጠረዥሽ ላይ ሁለት አምድ ጨምሪ፤ አንዱ ግፊቱ በስንት ኬልቪን እንደተለካ፣ ሌላው በሴሉ ውስጥ ምን እንደተሞላ። በክፍል ሙቀት የተለኩትን ነጥቦች ባዶ ክብ፣ በዝቅተኛ ሙቀት የተለኩትን ሙሉ ክብ አድርገሽ ሳያቸው። ከዚያ ሥዕሉን እዚህ ለጥፊልን፤ የታንግስተኑን እኔም አብሬሽ አየዋለሁ።